ሥጋ ቤቱን ከገበያው አትነጥሉብን፦ ከድሮ ገበያ ሥጋ ሻጮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችን የገበያ ቦታዎች ውሳኔ ለምትሰጡ ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት የድሮ ገበያዎች በአንዱ፣ ከበርበሬና ከቅቤ ነጋዴዎች ጎን፣ ሥጋ ቆርጠን የምንሸጥ ሰዎች ነን። አሥራ ሰባት ሱቆች ነን። በአሥራ አንዱ በር ላይ መስቀል አለ፣ በስድስቱ ላይ ጨረቃ። የገበያችንን ስም ያልጻፍነው ለመደበቅ አይደለም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። በሌሎች ሰፈሮች ያሉ የሙያ ጓደኞቻችን ተመሳሳይ ነገር እየነገሩን ስለሆነ፣ ደብዳቤው የእነሱም እንዲሆን ብለን ነው።

በሰሙነ ሕማማት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በየበራችን ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። በአሥር ቀን ውስጥ ዕቃችሁን አውጥታችሁ ቁልፍ አስረክቡ ይላል። ምትክ ቦታ መዘጋጀቱንም ይጠቅሳል። ከዚያ በኋላ ስንት ቢሮ እንደዞርን እናንተም እኛም እናውቃለን። ቀኑ እስከ ሰኔ 30 ተራዘመ። ውሳኔው ግን አልተለወጠም። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቀኑ እንናገር። ሥጋ ሻጭ ያልሆነ ሰው ላይታየው ይችላል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት የክርስቲያን ሥጋ ቤት ይዘጋል። ልጅ ግን ይበላል፣ የቤት ኪራይም አይጾምም። ቆራጮቻችን በሁዳዴ ወይ አገር ቤት ይሄዳሉ፣ ወይ የቀን ሥራ ይፈልጋሉ። እኛ ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት ካለን ላይ ተበድረን ለፋሲካ ሰንጋ እንገዛለን። ሸጎሌ ወይም ካራ የከብት ገበያ ወርደን፣ ከደላላ ጋር ተጨቃጭቀን፣ የዓመቱን ትልቁን ገንዘብ የምናወጣው ያን ሳምንት ነው። የተበደርነውን የምንከፍለው ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ገበሬ መኸር እንደሚለው፣ የእኛ መኸር እሱ ነው። ወረቀቱ የተለጠፈው ልክ እዚያ ላይ ነው፤ ብድሩ ወጥቶ፣ ሽያጩ ሳይጀመር። የጻፈው ሰው ሆን ብሎ አደረገው አንልም። ግን ከእኛ አንዱን እንኳ ጠርቶ ቢጠይቅ ኖሮ ያን ሳምንት አይመርጥም ነበር። ቅሬታችን እዚህ ላይ ይጀምራል። ማንም አልጠየቀንም።

ለጉዳዩ በተዘጋጀው ጥናት ላይ ገበያችን «ያለ ዕቅድ የተፈጠረ» ተብሎ ተጽፏል። ሰነዱን ያሳየን ሰው ከዚያ በላይ እንድናነብ አልፈቀደልንም። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ እንድትመለሱ እንለምናለን።

ይቺ ከተማ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር ከቤተ መንግሥት ቀጥሎ የተተከለው ገበያ ነው። ገበያው አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአቅጣጫው ሰው ይጎርፍበት ነበር። እህሉ፣ ጨው፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ ከብቱ፣ በቅሎው ለየብቻ ተራ ነበረው። ዛሬም በአዲስ አበባ ገበያ «ተራ» የምንለው ቃል የዚያ አሠራር ልጅ ነው። ቀረጥ የሚሰበስብና የነጋዴን ክርክር የሚዳኝ ነጋድራስ ነበረ። ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ እዚያ ወንበር ላይ ከነበሩት አንዱ ናቸው። በ1900 ዓ.ም አፄ ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግዱን ሥራ የሰጡት ለእሳቸው ነው። ገበያ የሚያውቅ ሰው ስለ ገበያ እንዲወስን ተደረገ ማለት ነው።

የከተማዋ የመጀመሪያ ዓመታት ቀላል አልነበሩም። ከተቆረቆረች ብዙም ሳትቆይ ክፉ ቀን መጣ። የከብት በሽታው አገሩን በሙሉ በሬ አሳጣው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ ረሃቡም ተከተለ። የእኛ አያቶች በዚህ ሙያ የገቡት ከዚያ በኋላ፣ ከብቱ ቀስ በቀስ ሲያገግም ነው። የእኔ፣ የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ፣ አያት ከምንጃር መጥተው አራዳ ገበያ ዳር ሥጋ በመደብ እየሸጡ እንደጀመሩ አባቴ ይነግረኝ ነበር። ሚዛን አልነበረም። በዓይን እየገመቱ፣ ከየብልቱ እያነሱ፣ መደቡን እኩል ያደርጉ ነበር። ዛሬ ለቅርጫ የሚሰበሰቡ ጎረቤታሞች የሚያደርጉት ያንኑ ነው። በሬውን አርደው፣ መደብ አውጥተው፣ ዕጣ ይጥላሉ። በዓል ሲደርስ መደቡን እንድናወጣላቸው የሚጠሩት ደግሞ እኛን ነው። ሻኛው ለማን፣ ፍሪምባው ለማን እንደሚደርስ ሰው እንዳይጣላ የሚያደርገው የቆራጩ እጅ ነው።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። በወረራው ዘመን ከተማዋን በዘር ሊከፍሏት አሰቡ። መሀሉ ለነጮቹ፣ ዳሩ ለአገሬው ሰው። የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ፤ ስሙንም መርካቶ ኢንዲጀኖ አሉት፣ የአገሬው ገበያ ማለት ነው። አራዳ ፒያሳ ሆነ፣ የተባረረው ገበያ መርካቶ ሆነ። ሥጋ ቤታችን «ልኳንዳ» የሚባለውም ከእነሱ ቋንቋ በመጣ ቃል ነው። በእነሱ አገር ትርጉሙ ማደሪያ ቤት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ሥጋ ቤት ሆነ። ይህን የምናነሳው ማንንም ከጣሊያን ጋር ለማመሳሰል አይደለም። ገበያን በትእዛዝ ማንሳት በዚህ ከተማ አዲስ ነገር እንዳልሆነ፣ የተነሳው ሰው ልጅ ልጅም እንደማይረሳው ለማስታወስ ነው። አባቴ ሰማንያ ዓመት ኖረው እስኪሞቱ ድረስ ፒያሳን «አራዳ» ነበር የሚሉት።

በ1940ዎቹ መጨረሻ ቄራ ሲቋቋም ሥራችን ተለወጠ። ከዚያ በፊት በየሜዳው፣ በየግቢው ይታረድ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ የተለየ ማረጃ ያለው፣ የእንስሳት ሐኪም የሚያይበት ቦታ ተገኘ። ሐኪሙ የመንጋጋውን ጡንቻ፣ ምላሱን፣ ልቡን ሰንጥቆ ያያል። እንደ ሩዝ ፍሬ ነጭ ነገር ካየ ሥጋው አያልፍም፤ የኮሶ ትል ጥንስስ ነውና። ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ሕዝብ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ማህተም የሌለው ሥጋ ሜንጦ ላይ የሰቀለ ሰው በእኛ ተራ ውስጥ መሸጥ አይችልም። ሕግ ስለሚከለክል ብቻ ሳይሆን እኛው ስለማንፈቅድለት ነው። በአባቴ ጊዜ አንድ ሰው ሞክሮ ነበር። ሱቆቹ በሙሉ ተሰብስበው ቢላዋውን ተቀበሉት፤ ለሦስት ወር።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ሱቆቻችን የመንግሥት ሆኑ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ሄዱ። የእኛዎቹም እዚያ ውስጥ ነበሩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኪራይ ስንከፍል ኖረናል። አንዳንዶቻችን ጋ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ያለው ደረሰኝ በፌስታል ታስሮ ተቀምጧል። ታዲያ ይህ ሁሉ ታሪክ ያለው ገበያ እንዴት «ያለ ዕቅድ የተፈጠረ» ይባላል? ነጋድራስ ያስተዳደረው፣ ወራሪ ያዛወረው፣ ቄራ የሚመግበው፣ ቀበሌ ያከራየው ተራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ወደ ምትክ ቦታው።

የተሰጠን ቦታ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። እኛ ሄደን አይተነዋል። እናንተም ሄዳችሁ እንድታዩት እንለምናለን፤ ግን በመኪና ሳይሆን ትከሻችሁ ላይ ሩብ በሬ ተሸክማችሁ እንደምትወጡ እያሰባችሁ። ሥጋ ከቄራ የሚመጣው ሌሊት ነው። ሊፍቱ በሄድንበት ቀን አይሠራም ነበር፤ ቢሠራም ለሰው የተሠራ ጠባብ ነው። ወለሉ የውሃ መውረጃ የለውም። ሥጋ ቤት ማታ ማታ በብዙ ውሃ ይታጠባል። የመቁረጫው ግንድ ይፋቃል፣ ሜንጦው ይቀቀላል፣ ወለሉ ይጠረጋል። ያ ውሃ የት ይሂድ? ከእኛ በታች ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያሉት የልብስ ሱቆች ናቸው። በአንድ በኩል ንጽሕና አጉድላችኋል ተብለን ነው የምንነሳው። በሌላ በኩል የምንሰጠው ቦታ ንጽሕና ሊጠበቅበት የማይችል ነው። የጤና ቁጥጥር መጥቶ ሲያሽግብን ደግሞ ጥፋተኛው እኛ ልንሆን ነው።

ይህን በስጋት ብቻ አንናገርም። ባለፈው ዓመት ከተራችን አራት ሱቆች ወደዚሁ ሕንፃ ሄደዋል። የመጀመሪያዎቹ ስለነበሩ ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት፤ አዲስ ሴራሚክ፣ አዲስ በር። ከአራቱ ዛሬ ሥጋ ሲሸጥ የምናውቀው አንዱን ብቻ ነው። እሱም ሱቁ ውስጥ ሳይሆን ደረጃው ሥር ጠረጴዛ አውጥቶ ነው። ሁለተኛው ቦታውን ለስልክ ጠጋኝ አከራይቶ ቤቱ ተቀምጧል። ሦስተኛዋ ባሏ ሲሞት ሥራውን የያዘች፣ ሁለት ቆራጭ ቀጥራ የምታስተዳድር እናት ነበረች። ደንበኞቿ በዕድሜ የገፉ የሰፈር ሴቶች ናቸው። ሦስት ፎቅ መውጣት አይችሉም። አምስት ወር ታግሣ ዘጋች። አራተኛው ምን እንደሚሠራ አናውቅም። ስልኩ አይነሳም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ረጋ ብለን ማስረዳት እንፈልጋለን፤ የደብዳቤያችን ሁሉ ልብ እሱ ነውና። ሥጋ ቤት ብቻውን አይኖርም። ሰው ሥጋ ሊገዛ ሲመጣ ሥጋ ብቻ ይዞ አይሄድም። ከእኛ ግማሽ ኪሎ ለወጥ ወስዶ ከፊት ለፊት ሽንኩርት፣ ከጎን በርበሬና ቅቤ፣ ከጥግዋ ሴትዮ ደግሞ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል ይገዛል። እሷ ጨርቅ ዘርግታ የምትሸጠው እኛ ስላለን ነው። እኛም ጥብስ የምንሸጠው እሷ ስላለች ነው። ገበያውን ከላይ ያየ ሰው የተበታተነ ነገር ይመስለዋል። ከውስጥ ግን አንድ ምግብ ነው። ሥጋውን ብቻ መዝዛችሁ ሦስተኛ ፎቅ ስትሰቅሉት ሥጋውም ይሞታል፣ ሽንኩርቱም ይቀዘቅዛል።

ይህን በዓይናችን አይተናል። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ሄደ። በ2013 ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተሻገረ። የጤናው ምክንያት ገብቶናል፤ ያን ጊዜ ማንም አልተከራከረም። ግን በፒያሳ ዙሪያ የነበሩ የሥጋ ቤት ጓደኞቻችን ወዲያው ተሰማቸው። አትክልት ሊገዛ የሚመጣው ሰው ሲቀር፣ እግረ መንገዱን ሥጋ የሚገዛውም ቀረ። በ2016 ዓ.ም የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ደግሞ ሥጋ ቤቶቹ ራሳቸው ሄዱ። ዶሮ ማነቂያን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ከሥራ ወጥቶ ቁርጥ የሚበላው፣ ለእንግዳ ክትፎ የሚያስከትፈው፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ዛሬ እዚያ የተማሩ ቆራጮች በየሰፈሩ ተበትነዋል። ሁለቱ እኛ ጋ ይሠራሉ። አንደኛው ሽንጥ ሲያወጣ እጁን ለማየት ብቻ የሚቆም ደንበኛ አለው።

ስለ ቆራጮች ካነሳን፣ ይህም ራሱን የቻለ ቅሬታ ነው። በእናንተ መዝገብ ላይ ተነሺ ተብሎ የተጻፈው ፈቃዱ በስሙ ያለው ሰው ብቻ ነው። አሥራ ሰባት ስም። በእኛ ተራ ግን ስልሳ የሚጠጉ ሰዎች ይሠራሉ። ቆራጩ፣ ሥጋ ተሸካሚው፣ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ጨጓራና ዱለት የምታጥበው፣ ሌሊት የሚጠብቀው። እነዚህ ሰዎች በየትኛውም ወረቀት ላይ የሉም። ሙያው ደግሞ በኮርስ የሚገኝ አይደለም። አንድ ልጅ ቢላዋ ከመያዙ በፊት ዓመት ሁለት ዓመት አጠገብ ቆሞ ያያል፤ ያቀብላል፣ ይሞርዳል፣ ግንድ ይፍቃል። ቀጥሎ አጥንት መለየት ይማራል። ብልት ማውጣት የመጨረሻው ነው። ዳቢቱን ከጎድኑ፣ ታላቁን ከታናሹ ሳያበላሽ መለየት፣ ለክትፎ የሚሆነውን ቀይ ከጅማቱ ማጥራት፣ ለቅቅል የሚሆነውን አጥንት ከነቅልጥሙ መተው። አንድ የተሳሳተ ቢላዋ የሽንጥን ዋጋ ወደ ወጥ ሥጋ ያወርደዋል። እኔ ራሴ በአሥራ አምስት ዓመቴ ገብቼ ሙሉ በሬ ብቻዬን እንዳወጣ አባቴ የፈቀዱልኝ በሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ሱቁ ሲዘጋ ይህ ሁሉ አብሮ ነው የሚዘጋው።

የሙስሊም ወንድሞቻችን ጉዳይ ደግሞ ተለይቶ መነሳት አለበት። በምትክ ሕንፃው ለአሥራ ሰባታችንም የተዘጋጀው ማቀዝቀዣ ክፍል አንድ ነው። የውሃ ቦታውም አንድ ነው። ይህን ዕቅድ ያወጣው ባለሙያ የዚህ አገር ሰው ነው ብለን እናምናለን። ታዲያ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ አንድ ክፍል ውስጥ እንደማይሰቀል እንዴት ጠፋው? ቄራው እንኳ ማረጃውን ለይቶ ነው የሠራው። እኛ ተራ ላይ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን ስንኖር አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም። ያልተጣላነው ሁሉም የራሱ ሜንጦ፣ የራሱ ግንድ፣ የራሱ በር ስላለው ነው። በሁዳዴ እነሱ የእኛን ሱቅ ይጠብቃሉ። በረመዳን ደግሞ ለማፍጠሪያ ሲቸኩሉ የእኛ ልጆች ዕቃቸውን ያስገባሉ። አንድ ክፍል ውስጥ አስገብታችሁን ደንበኞቻችን መጠርጠር ከጀመሩ ግን ይህ ጉርብትና አይቆይም። ደንበኛ ጥርጣሬ ካደረበት ጠይቆ አያጣራም። ዝም ብሎ ይቀራል።

ግብሩንም ሳንጠቅስ አናልፍም። የቀን ገቢያችንን ሊገምቱ የመጡት ሰዎች የመጡት የፋሲካ ዋዜማ ነው። በዚያ ቀን በራችን ላይ ሰልፍ ነበር። ሰልፉን ቆጥረው፣ በዓመት ቀናት አብዝተው ሄዱ። በዓመት ውስጥ ከ180 ቀን በላይ እንደሚጾም፣ ያን ጊዜ ሚዛናችን አቧራ እንደሚጠጣ ነግረናቸዋል። አልመዘገቡትም። ቆዳውም ድሮ ትርፍ ነበር፤ አሁን የሚገዛው ጠፍቶ በበዓል ማግስት በየመንገዱ ሲጣል ታያላችሁ። ያም በግምቱ ውስጥ አልገባም።

አንዳንድ ሰው «ሥጋ ቤት ቢቀንስስ ምን አለበት፣ ሱፐር ማርኬት አለ» ይላል። በላስቲክ የታሸገ ሥጋ የሚገዛ ሰው አለ፣ እሱን አንቃወምም። ግን የእኛ ሰፈር ሰው ሩብ ኪሎ ነው የሚገዛው። «ለልጆቹ እንዲበዛልኝ አጥንት ጨምርበት» ይላል። ደመወዝ እስኪወጣ በዱቤ ይወስዳል። የእኔ የዱቤ ደብተር ላይ ዛሬ ሠላሳ አራት ስም አለ። ከእነዚህ ውስጥ አንድም ሰው ሱፐር ማርኬት ገብቶ ዱቤ አይጠይቅም። እኛ ስንርቀው ይህ ሰው ሥጋ መብላቱን አይተውም፤ ከየጓሮው በሌሊት የሚታረደውን፣ ሐኪም ያላየውን፣ ማህተም የሌለውን ይገዛል። ሕገ ወጥ እርድን የሚከለክሉ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ሠራተኛ አሰማርተዋል። ሕጋዊው ሥጋ ቤት በእግር በሚደርስበት ቦታ ከሌለ ግን ያ ሁሉ ልፋት ምን ያህል እንደሚያዋጣ እናንተው አስቡት።

ገበያችን ጉድለት የለበትም አንልም። አለበት። ቦዩ ክረምት ላይ ይሞላል። ጣሪያው አርጅቷል። ዝንብ አለ። ሁለት ሱቆች ማቀዝቀዣ የላቸውም። ይህን ለማስተካከል በራሳችን ገንዘብ አዋጥተን ቦዩን ልናስቆፍር ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቀናል። ሁለት ጊዜ መልስ አላገኘንም። በሦስተኛው «ቦታው ለልማት ስለሚፈለግ ምንም ዓይነት ግንባታ አይፈቀድም» ተባልን። እንዳንጠግነው ተከልክለን፣ ቆሽሿል ተብለን እየተነሳን ነው። ከሁሉም በላይ ያሳዘነን ይህ ነው።

ልማቱን አንቃወምም። መንገዱ ሲሰፋ፣ መብራቱ ሲበራ እኛም ደስ ይለናል፤ ልጆቻችንም በዚያው ነው የሚሄዱት። የምንለምነው የሚከተለውን ነው።

ሰኔ 30 የተባለው ቀን እንዲቆምልንና ከእናንተ አንድ ሰው፣ ውሳኔ መስጠት የሚችል ሰው፣ ተራችን ድረስ መጥቶ እንዲያነጋግረን። ቀኑን እኛ እናመቻቻለን። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ቢሆን ሥራውንም ያየዋል።

ቦታው የግድ የሚነሳ ከሆነ፣ ሥጋ ተራው ከአትክልቱ፣ ከበርበሬውና ከቅቤው ተራ ጋር አብሮ እንዲሄድ። ምድር ቤት ላይ፣ መኪና በሚደርስበት፣ የውሃ መውረጃ ባለው ወለል። ርቀቱም የሰፈሩ እናቶች በእግር ሊደርሱበት የሚችሉት እንዲሆን።

ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ የተለየ ማቀዝቀዣ፣ የተለየ የውሃ ቦታ፣ የተለየ መግቢያ እንዲሠራ። በሥዕሉ ላይ ከመጀመሪያው ይግባ፤ ከተሠራ በኋላ በኮምፔርሳቶ መከፋፈል አይበቃም።

ቆራጮችና ሌሎች ሠራተኞች በተነሺ መዝገብ ላይ እንዲገቡ። ስም ዝርዝራቸውን አዘጋጅተናል፣ በተባለው ቀን እናስረክባለን።

ባለፈው ዓመት ወደ ሦስተኛ ፎቅ የሄዱት አራቱ ጓደኞቻችን ጉዳይ እንደገና እንዲታይና ከእኛ ጋር እንዲመለሱ። የቀን ገቢ ግምቱም ጾሙን ቆጥሮ እንደገና እንዲሠራ።

ቦታው የማይነሳ ከሆነ ደግሞ፣ ቦዩን የምንቆፍርበትና ጣሪያውን የምንቀይርበት ፈቃድ ብቻ ስጡን። ገንዘቡን አንጠይቅም።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለሚመለከታቸው ሌሎች ክፍሎችም ግልባጩን አድርሰናል።

ከአክብሮት ጋር፣

የሥጋ ተራው ነጋዴዎች ተወካይ፣
ሦስተኛ ትውልድ ሥጋ ቆራጭ፣
ከአሥራ ሰባቱ ሱቆች ባለቤቶችና ሠራተኞች ጋር
አዲስ አበባ